ክሬሙ ሲበስል

«ይሄ ሰውዬ ለቀለም ብሎ አይደለም የሚመጣው።»

ይህን የምትለው እትዬ ማስታወቂያ ናት። ጠዋት ሱቋን ስትከፍት ትለዋለች፤ ከሰዓት ለደንበኛ አዝራር ስትመርጥ ትለዋለች፤ ማታ የቆርቆሮ በሯን እያንጓጓች ስትዘጋ ሌላ ሰሚ ካጣች ለበሩ ትነግረዋለች። ሱቋ ከአክስቴ የስፌት ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ይገናኛል። አዝራርና ክር ትሸጣለች፤ ወሬው ግን በነፃ ነው። ፊት ለፊቷ «እትዬ» እንላታለን፤ የቀረውን ዞር ስትል እንጨምርላታለን።

«ይሄ ሰውዬ» የምትለው ቀለም ቀቢውን ነው። እኔን ወሬው ይህን ያህል ባላስጨነቀኝ ነበር፤ ግን ተከታይ ነበረው።

«ካገባችው ደግሞ ልጅቷ ወደ እናቷ ናት። ሙሽራ ሆና የእህቷን ልጅ ታቅፋ ልትተኛ ነው?»

ልጅቷ እኔ ነኝ። ያኔ የፊት ጥርሶቼ የወለቁ፣ የራሴን ብልህነት ግን ከማንም በፊት የደረስኩበት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ሌላ ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፍ ነበር። የሰው አልጋ ስታነጥፍ ትውልና ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ተደራራቢ አልጋ ላይ ታድራለች። «እስክደላደል» ብላ ለእህቷ ሰጠችኝ። እውነቱን ለመናገር እናቴ ስትደላደል የማየት ጉጉት አልነበረኝም። አክስቴ ዘንድ የራሴ ቤት ነበረኝ፤ የመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር። ጣሪያው እንጨት፣ ግድግዳው ጥቅል ጨርቅ፣ ወለሉ የሳቲን ቁርጥራጭ ነው። በክር የታሰረ ማግኔት ነበረኝ፤ በሱ የወደቀ እስፒል እለቅማለሁ። ደመወዜ የከረሜላ ነው፣ ግን ሥራ ነው። ከዚያ ቤት የሚያስወጣኝን ሰው በበጎ ዓይን እንዳየው የሚጠብቅ ካለ፣ ይጠብቅ።

አክስቴን «እታለም» ነበር የምላት። የሙሽራ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ በእጇም በአፏም የምትፈራ።

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በአንድ እጅጌ ነው።

አንድ ቀን የሙሽራ እናት ልብሱን በክንዷ ላይ እንደ ቆሰለ ሰው ተሸክማ ገባች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን እይልኝ እስቲ! አንዱ እጅጌ ነጭ፣ ሌላው... ምን ልበልሽ... የጥርስ ቀለም! ልጄን በአንድ እጇ አሮጊት አድርገሽ ልትድሪያት ነው?»

እታለም እጅጌዎቹን ተቀበለች። ወደ መስኮቱ ወሰደቻቸው፣ አገላበጠቻቸው፣ ወደ አምፖሉ አነሳቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ ክፍሉን ዙሪያውን ቃኘችና ፍርዷን ሰጠች።

«ጥፋቱ የግድግዳው ነው።»

«የምን?»

«የግድግዳው። አረንጓዴ አይደል? አረንጓዴ ግድግዳ ነጭ ጨርቅ ላይ ያርፋል። እዚህ ቤት ነጭን ነጭ ብሎ ማየት አይቻልም። ስንት ዓመት ለባለቤቱ ነገርኩት!»

የሙሽራዋ እናት አፏን ከፈተች፣ ግድግዳውን አየች፣ አፏን ዘጋች። ከግድግዳ ጋር ተጣልቶ ያሸነፈ ሰው አታውቅም መሰለኝ። እታለም እጅጌውን በነጋታው ቀይራ እንደምትሰጣት ማለችላት። እኔም ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ ግድግዳውን በዓይኔ ገሠጽኩት።

እጅጌውን ስትቀይር ጨርቁን የመረጥኩት እኔ ነኝ። «ሚጣ፣ ከነዚህ ነጩን አቀብዪኝ» አለችኝ፤ አቀበልኳት። ክሩንም እኔ ለየሁ። በመርፌዋ ቀዳዳ ክር መሰካት ከጀመርኩ ደግሞ ቆይቻለሁ። «ያንቺን የመሰለ እጅ አይቼ አላውቅም» ትለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ሄጄ አክስቴ ያለ እኔ መርፌ እንደማትሰካ አውርቻለሁ፤ ጓደኞቼ በቅናት አረሩ። ተሰጥዖ ያለኝ መስሎኝ ነበር። ዛሬ መርፌ የምሰካው ለራሴ ነው፤ እጄ እንደማንኛውም ሰው እጅ ነው።

ቀለም ቀቢው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከቃላት ጋር ብዙም የማይዋደድ ሰው። ከጆሮው ጀርባ ሁልጊዜ ታጥቦ ያልለቀቀ ቀለም አለ፤ ትናንት የማን ቤት እንደዋለ ከጆሮው ይነበባል። ሁለት ቆርቆሮ ይዞ ገባ። አንዱ ያልተነካ ኦፍ ዋይት፣ ነጭ ለመሆን ጥቂት የቀረው፣ ነበር። ሌላው ክሬም፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት ኮሪደር የተረፈ፣ ክዳኑ ዝጎ ዙሪያው የተጋገረ።

«ለዚህ ቤት ከሁለቱ አንዱ ነው» አለ። «ሁለቱም ብርሃን ይሰጣሉ። ክሬሙ ይሞቃል፣ ኦፍ ዋይቱ ይቀዘቅዛል። ናሙና ልቀባና እርስዎ ይምረጡ።»

ክዳኑን በጠፍጣፋ ብረት ፈልቅቆ ከፈተ፣ ብሩሹን ነከረ፣ ከትልቁ መስታወት በመስኮቱ በኩል የትራስ ልብስ የሚያህል ክሬም ቀባ፤ በበሩ በኩል ደግሞ ያንኑ ያህል ኦፍ ዋይት። ከደነ።

«ጠዋትም ይዩት፣ ቀትርም ይዩት፣ መብራት አብርተውም ይዩት። ቀለም በየሰዓቱ ፀባዩ ሌላ ነው።»

«እንደ ወንድ በላ!» አለች ክር ላቀብል ብላ ገብታ የቀረችው እትዬ ማስታወቂያ። ቀለም ቀቢው ቆርቆሮዎቹን ጥግ አስቀምጦ ወጣ። ገና በሩ ሳይዘጋ «ይሄ ሰውዬ ለቀለም ብሎ አይደለም የመጣው» አለች። ሰውየው ያንን ቤት ሲረግጥ የመጀመሪያው ነበር። ለእትዬ ማስታወቂያ ግን አንድ ቀን ይበቃታል።

እታለም ጠዋትም አየችው፣ ቀትርም አየችው፣ መብራት አብርታም አየችው። ነጭ ቀሚስ በመስቀያ አምጥታ መስታወቱ ላይ ሰቀለች፣ ከሁለቱ መሃል። ወደ ኋላ ሄደች፣ ወደ ፊት መጣች። አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተች። በጣቷ እንደ ጨርቅ ዳሰሰችው። እኔ አንድ ሰው ግድግዳ ሲዳስስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ፍቅር እንዲህ ያደርጋል ብዬ መዘገብኩት።

«ሚጣ፣ የትኛው ይሻላል ትያለሽ?»

«ያኛው።»

«ያኛው የትኛው?»

«የበሩ በኩል ያለው።»

«ክሬሙ ማለትሽ ነው?»

«ኧረ! ክሬሙ እኮ የመስኮቱ ነው።»

«አውቃለሁ። ልፈትንሽ ብዬ ነው» አለችና ወደ መቀሷ ተመለሰች።

እውነቱን ዛሬ በአንድ መስመር እነግራችኋለሁ፤ እኔ ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። እታለም ሁለቱን መለየት አልቻለችም ነበር። ሁለት ነጭ የማትለይ ሴት ደግሞ የሙሽራ ልብስ ልስፋ ብትል የሚያምናት የለም። ስለዚህ ግድግዳው ፊት ቆማ የምትመርጠው ቀለም አልነበረም፤ የመጣባትን ነገር እየለካች ነበር። እኔ ግን ስለ ዓይን ምን አውቃለሁ? የራሴ ደህና ነበር።

ቀለም ቀቢው ተመልሶ መጣ። «ወሰኑ?»

«አልለየልኝም» አለች።

ግድግዳውን ቀርቦ አየ። «አረንጓዴው ከሥር ብቅ እያለ ነው። አንድ እጅ ልድገምበት፣ ያኔ ይለያል።» ቆርቆሮውን ፈለቀቀ፣ ነከረ፣ ደገመ፣ ከደነ፣ ሄደ። በሚቀጥለውም ሥራ ቀለል ሲለው ብቅ አለ። «ወሰኑ?» «እስቲ በደንብ ይድረቅና።» «አንድ እጅ ልድገምበት።» እንዲህ እየተባለ ከረመ። የእታለም ሻይ መጠጣት ጀመረ። ከዚያ ወንበር ተሰጠው። ከዚያ ወንበሩ የሱ ሆነ፤ ሌላ ሰው ሲቀመጥበት እታለም «እሱ ወንበር እግሩ ያነክሳል» ትላለች። አላነከሰም። እኔ ቆሜበት አረጋግጫለሁ።

አንድ ቀን እትዬ ማስታወቂያ ግድግዳውን በጡጫ መታች፤ ነይ ማለቷ ነው። ሮጬ ሄድኩ።

«ሰማሽ? ‹አንቺ› አላት! ‹ወሰንሽ?› ነው ያላት! ያ ሁሉ ‹እርስዎ› የት ገባ?»

ወደ ጠረጴዛዬ ሥር ተመልሼ ጉዳዩን ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። እታለም ቀለም ካልመረጠች ቤቱ አይቀባም። ቤቱ ካልተቀባ ሰውየው ሥራውን አልጨረሰም። ሥራውን ሳይጨርስ የሚያገባ ሰው አላውቅም። ስለዚህ ሥራዬ ግልጽ ነበር፤ ምርጫው እንዳይመረጥ ማድረግ።

«ክሬሙ ደስ አይልም?» ትለኛለች። «ኦፍ ዋይቱ ይበልጣል» እላለሁ። «እንግዲያው ኦፍ ዋይቱ ይሁን?» «አይ፣ ቀሚሱ ሲሰቀል ክሬሙ ነው የሚያምረው።» እታለም በረጅሙ ትተነፍሳለች። እኔ ማግኔቴን እጎትታለሁ።

በዚህ መሃል እታለም ነጭ ሥራ መቀበል አቆመች። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ብቻ ሆነ፤ ሰማያዊ በሰማያዊ። «ነጭ ሰለቸኝ» ትላለች ለመጣው ሁሉ። የሙሽራ እናቶች ከበር ተመለሱ። የልብስ መስቀያው ባዶውን ነፋስ ሲያወዛውዘው ይውላል። እታለም ማሽኑ ላይ ተቀምጣ ሳትሰፋ ትቆያለች፤ እኔ እያለመች ነው እላለሁ።

ከዚያ ክሬሙ መብሰል ጀመረ።

ሌላ ቃል የለኝም። መጀመሪያ የተላጠ ሙዝ ይመስል ነበር። ሰውየው አንድ እጅ ሲደግምበት ወደ ልጣጩ ተጠጋ። ሲሰልስበት ልጣጩን ሆነ። ቀጥሎ ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ላይ የሰነበተ ሙዝ መሰለ። ኦፍ ዋይቱ ግን ያው ነው፤ ጥሬ እንደሆነ ቀረ። እኔ በልጅነት አእምሮዬ ያየሁትን ተቀበልኩ፤ አንዳንድ ቀለም ግድግዳ ላይ ይበስላል፣ አንዳንዱ አይበስልም። ለእትዬ ማስታወቂያ ነገርኳት።

«እሱ ሲመጣ ነው የሚበስለው» አልኳት።

«ልጄ» አለች አዝራሮቿን እያፈሰች፣ «የሚበስለውስ ቀለሙ አይደለም።»

አንድ ጠዋት ሱቁን ስንከፍት እታለም ደፍ ላይ ቀጥ አለች። ቁልፉ እጇ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከሩቅ፣ ከበሩ፣ በጣቷ ወደ መስኮቱ አመለከተች። «ያ ክሬሙ ነው።» ጣቷን አዞረች። «ያ ደግሞ ኦፍ ዋይቱ።» ወደ እኔ ዘወር አለች። «አይደል?»

«ነው» አልኩ። ይህን ለማወቅ ይህን ያህል መቆየቷ ገርሞኝ ነበር።

ተጎንብሳ ሳመችኝ። እታለም በጠዋት ሰው የምትስም ሴት አልነበረችም። አለቀልኝ፣ ወሰነች አልኩ በሆዴ።

ሰውየው ያን ቀን ከሰዓት መጣ። እኔ ቤቴ ነበርኩ፤ ከጠረጴዛው ሥር የሚታየኝ የእታለም ነጠላ ጫማና የሱ ቀለም የተረጨበት ቦቲ ብቻ ነው።

«አንተ» አለች እታለም።

«አቤት።»

«ይሄን ክሬም ምን አደረግከው?»

ቦቲዎቹ ቀጥ አሉ። «ምን... ምን አደረግኩት?»

«መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም።»

ከብሩሹ ቀለም ወለሉ ላይ ጠብ አለ።

«ካልወደድሽው አስተካክለዋለሁ» አለ፣ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሰው። «እኔ እንኳ... ያን ያህል አይታወቅም ብዬ ነበር።»

«ታወቀኝ» አለች። «ተወው። እንዳትነካው። አሁን ገና ታወቀኝ።»

ከዚያ ወዲያ በእትዬ ማስታወቂያ ግድግዳ ምክንያት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የደረሰኝ ቁርጥራጩ ነው፤ እኔ ደግሞ ቁርጥራጭ መስፋት እችላለሁ። «...ለማንም ተናግሬ አላውቅም...» አለች እታለም። «...አንተ ግን ሳልነግርህ...» አለች። አለቀሰች። «...አብረን እንሂድ...» አለ በመጨረሻ። «...እዚያ ሁለት ቀን ቢያቆዩሽ ነው...» «...ልጅቷስ?» «...ለእናቷ ንገሪያት...»

ሰፋሁት። ወጣልኝ። ሊጠፉ ነው፤ እኔ ደግሞ ወደ ተደራራቢው አልጋ።

የተባለውን ሙሉውን የሰማሁት አድጌ ነው። እታለም ዓይኗ እየደበዘዘ መሄዱን ነገረችው። ነጭ የማትለይ ሰፊ ተብሎ በእትዬ ማስታወቂያ አፍ ከምትዞር ሱቋን ብትዘጋ እንደምትመርጥ ነገረችው። እሱም የእናቱን ዓይን ሞራ ሐኪም ቤት እንዳወጡላት፣ እሷንም እንደሚወስዳት ነገራት። ሊጠፉ ነው ያልኩት ይኸው ነው።

በነጋታው እታለም ለእትዬ ማስታወቂያ ሱቁን አደራ ልትል ወጣች። ጥግ የተቀመጡትን ቆርቆሮዎች አየኋቸው፤ አዩኝ። ሁለት ስለሆኑ ነው ምርጫ የመጣው። አንድ ቢሆኑ የሚመረጥ የለም።

ክዳኖቹን በጨርቅ መቀሱ ፈለቀቅኩ። የስፌት ቤት ልጅ የሆነ ሰው ይህን ሲያነብ ይዘገንነዋል፤ በጨርቅ መቀስ ወረቀት የቆረጠ እንኳ በዚያ ቤት ይቅርታ የለውም። ኦፍ ዋይቱን ወደ ክሬሙ ገለበጥኩ። ከዚያ የእንጨቱን ሜትር አምጥቼ አማሰልኩ። ከታች እንደ ጭቃ የረጋ፣ ቢጫ፣ ወፍራም ነገር ነበር። ሜትሩ ተቀረቀረ። ይሄ ነው የሚያበስለው አልኩ፤ ፍሬው ይሄ ነው። በሁለት እጄ ይዤ እየፋቅኩ አነሳሁት። ክንዴ እስኪዝል፣ አንድ ወጥ እስኪሆን፣ ፍሬ የሚባል ነገር እስኪጠፋ አማሰልኩ። ሥራ ከጀመርኩ አጋምሼ አልተውም፤ ያኔም እንዲሁ ነበርኩ።

የመጀመሪያዋ ምስክር እንደ ልማዷ እትዬ ማስታወቂያ ናት።

«ጉድ! ጉድ! ኑ እዩ! ልጅቷ ቀለም እያቦካች ነው!»

እታለም ገባች። ከኋላዋ ቀለም ቀቢው፤ ሐኪም ቤት ሊወስዳት መጥቶ ነው። ሦስቱም ከበቡኝ። እኔ እስከ ክርኔ ነጭ ሆኛለሁ።

«ምንድን ነው ያደረግሽው?» አለች እታለም። ያስፈራኝ ቀስ ብላ መናገሯ ነው።

«እንዳትመርጪ ነው።»

«ምኑን?»

«አንዱን። ከመረጥሽ ይቀባዋል። ከቀባው ታገቢዋለሽ። ካገባሽው እኔ እናቴ ጋ እሄዳለሁ።»

ቀለም ቀቢው ከጆሮው ጀርባ ያለውን ቀለም መፋቅ ጀመረ። እትዬ ማስታወቂያ ቀና ብላ «ጣሪያውም እኮ መቀባት ይፈልጋል» አለች።

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?» አለች እታለም።

ዓይኔ ወደ እትዬ ማስታወቂያ ሄደ።

«ልጅ እኮ ብዙ ይሰማል!» አለች እትዬ ማስታወቂያ። «እኔ ምን አልኩ? አዝራር ነው የምሸጠው!»

እታለም የማያነክሰው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቀለም በቀለም የሆነ እጄን ያዘችና አገላብጣ አየችው፣ እጅጌ እንደምታይ።

«አንቺን ሰድጄ» አለች፣ «መርፌዬን ማን ሊሰካልኝ ነው?»

አንዳንድ ሰው «እወድሻለሁ» ይላል። እታለም ያለችኝ ይቺን ናት። በቃችኝ።

«ብታገቢውም?» አልኳት፤ ውል ያለ ማረጋገጫ አይሆንም።

«ማን አገባለሁ አለ?» አለች እታለም።

«ማን አገባለሁ አለ?» አለ እሱም፣ ትንሽ ዘግይቶ።

«ቢሆንም» አልኩ።

«ቢሆንም» አለች እታለም። «የትም አትሄጂም።»

ቀለም ቀቢው ወደ ቆርቆሮው ጎንበስ ብሎ ሜትሩን አነሳ፣ ቀለሙ ሲንጠባጠብ አየ፣ መልሶ ነከረው። ስድብ ጠብቄ ነበር። «በደንብ ነው ያማሰለችው» አለና ክዳኑን ፍለጋ ዞረ።

ሐኪም ቤት ሲሄዱ እኔን እትዬ ማስታወቂያ ዘንድ ተዉኝ። እኔ ፊት ምንም እንዳትል እታለም አስምላት ነበር። ቀኑን ሙሉ አፏን ይዛ አዝራር ስትደረድር ትውላለች፤ አንዳንዴ ከንፈሯ ብቻውን ይንቀሳቀሳል። በሕይወቷ እንደዚያ የተሰቃየችበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም። እኔ በበኩሌ ጋብቻውን አክሽፌያለሁ ብዬ ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ቀለም ቀቢው፣ እታለም ከሐኪም ቤት ከመመለሷ በፊት ክፍሉን ቀብቶ ሊያስደስታት ሮጦ መጣና በዚያው እኔ ባማሰልኩት ቀለም ቀባው፤ ሌላ አልነበረማ። እታለም የዓይኗ ፋሻ ተነስቶላት ሱቁን ስትከፍት ብርሃኑ እንደ ውሃ ተቀበላት። መቀሷን አየች። ክሮቿን እያነሳች የእያንዳንዱን ነጭ ስም ጠራች፣ አንዱንም ሳትስት። ከዚያ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች።

«ይሄን ደግሞ ማን ነው የመረጠው?» አለች።

ነጭ ሥራ ተመለሰ። የሙሽራ እናቶችም ተመለሱ፤ አሁን የሚጨቃጨቁት ስለ አንገት ቅርጽ ነው። ዓመት ሳይሞላ እሷና እሱ ፈርመው መጡ። እኔ መሃላቸው ቆሜ ነበር፤ የትም አልተላክኩም። እትዬ ማስታወቂያ «አላልኩም ነበር?» የምትለውን እስከ ዛሬ አልጨረሰችም። እናቴም እህቷ ቤት ልትጠይቀን ስትመጣ ጠረጴዛው ሥር አጎንብሳ «እዚህ ነው የምትኖሪው?» አለችኝ፤ «አዎ» አልኳት፤ ግቢ አልኳት፤ ገባች።

እታለም ከዚያ ወዲያ ለምትለካት ሙሽራ ሁሉ ይህንኑ ታወራለች። እስፒል በከንፈሯ ይዛ፣ ተንበርክካ ጠርዝ እያጠፈች። «ዓይኔ ሲደክም ለማንም አልነገርኩም። እሱ ግን ገባው። ሳልነግረው ገባው። ‹አታይም› ብሎ አላሳፈረኝም፤ ዝም ብሎ በመጣ ቁጥር ክሬሙን ትንሽ ትንሽ አጠቆረልኝ፣ እስክለየው። ስጠይቀው እንኳ አፍሮ አንገቱን ደፋ። ወንድ ካገባሽ አይቀር የኔ ልጅ፣ ሳትነግሪው ግድግዳ የሚያጠቁርልሽን አግቢ።» ሙሽሮቹ እንባቸውን ይጠርጋሉ። አንዷ እንዲያውም ይህን ሰምታ እጮኛዋን እንደገና ማሰብ ጀምራ ነበር፤ ልብሱ ግን አልቆ ስለነበር አገባችው። ይህ ወሬ ሲጀመር አሁን «ጋሼ» የምለው ቀለም ቀቢው ብድግ ይልና ብሩሽ ሊያጥብ ይወጣል። ትሑት ነው እላለሁ። እኔም በዚሁ መለኪያ ለጋብቻ ጥያቄ የመጡ ሰዎችን መልሻለሁ። አንዱ ጥሩ ሰው ነበር፤ ግን መስኮት ክፈት እንኳ ካልተባለ አይከፍትም።

ባለፈው ወር ክፍሉን እንደገና ልንቀባው ሆነ። አሁን እኔ ነኝ የምቀባው፤ የጋሼ ጉልበት መሰላል አይወጣም። የማያነክሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዘኛል። ሁለት ቆርቆሮ ገዝተናል፤ ሁለቱም ነጣ ያሉ፣ ስማቸው ተለውጧል እንጂ ያው ናቸው። እታለም መጋረጃው ወዲያ አንዲት ሙሽራ ትለካለች፤ ድምጿ ይሰማል፤ ታሪኩ ላይ ደርሳለች።

ከመስታወቱ ግራና ቀኝ ናሙና ልቀባ ክዳኑን ከፈትኩና እንጨት ይዤ ማማሰል ጀመርኩ።

«ምን ታደርጊያለሽ?» አለ ጋሼ።

«አማስላለሁ።»

«ለናሙና?»

«ካልተማሰለ እኮ ቀለሙ አንድ አይሆንም። ከላይ ሌላ፣ ከታች ሌላ ይሆናል።»

«ለናሙና ማን ያማስላል?» አለ። «ነክረሽ ትቀቢያለሽ፣ አለቀ።»

እንጨቱ እጄ ላይ ቆመ። ከመጋረጃው ወዲያ እታለም «...ትንሽ ትንሽ አጠቆረልኝ...» ትላለች። ሙሽራዋ አፍንጫዋን ትስባለች።

«ጋሼ» አልኩት ቀስ ብዬ። «ያኔስ?»

ወደ መጋረጃው አየ። ወደ እኔ አየ። ከጆሮው ጀርባ ምንም ቀለም አልነበረም፤ ቢሆንም ፋቀው።

«ያኔም» አለ። «ክሬሙ ከታች ረግቶ ነበር፣ የከረመ ቀለም ነዋ። ነክሬ ነው የቀባሁት። ያን ቆርቆሮ ያማሰለው ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።»